«ፒክ አፕ» ስንቱን ያነሳል?

አሜሪካ በገባሁ በሦስተኛው ወር ከሥራ ልባረር ነበር። ምክንያቱ ሁለት አጫጭር ቃላት ናቸው።

ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ፓርኪንግ ላይ እሠራ ነበር። ሐሙስ ማታ አለቃዬ መልእክት ላከልኝ። «ካን ዩ ፒክ አፕ ሳተርደይ?» ይላል። ፒክ አፕ ማለት ማንሳት ነው፤ ይሄን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ። ቅዳሜን ማንሳት። እገዳ ይነሳል፣ ባለሥልጣን ከወንበሩ ይነሳል፣ ለእኔ ደግሞ ቅዳሜ ተነሳልኝ ማለት ነው አልኩ። ዕረፍት! «የስ፣ ታንክ ዩ ሶ ማች» ብዬ መለስኩለት። ቅዳሜ እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ለጥ ብዬ ተኛሁ። ስነቃ ስልኬ ላይ ዘጠኝ ያልተመለሰ ጥሪ አለ።

ሰውየው የጠየቀኝ የዚህን ተቃራኒ ነው። ቅዳሜ የሚገባ ሰው ጎድሎታል። «ፈረቃውን ትወስድልኛለህ ወይ?» ነው ያለኝ። እኔ ደግሞ እሺ ብያለሁ። ይባስ ብዬ አመስግኛለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህቺን ቃል ባገኘኋት ቁጥር እመዘግባታለሁ። ስልኬ ውስጥ አሁን ከሃያ በላይ አጠቃቀም ተሰብስቧል። አንዳንዱ ከእኛው «አነሳ» ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሄዳል። አንዳንዱ ግማሽ መንገድ አብሮ ይሄድና ይለያል። ሰው የሚወድቀው እዚያ መለያያው ላይ ነው። ጨርሶ የማያውቀውን ቃልማ መዝገበ ቃላት ከፍቶ ያየዋል። የሚያውቀው የሚመስለውን ግን ማን ያያል?

እንግሊዝኛ እንዲህ ያለውን ጥንድ ፍሬዛል ቨርብ ይለዋል። አንድ ግሥ ይወሰዳል። ከኋላው አፕ፣ አውት፣ ኦፍ፣ ኦን ከሚሏቸው ትንንሽ ቃላት አንዷ ትለጠፋለች። ከዚያ ሌላ ትርጉም ይወለዳል። ጊቭ መስጠት ነው። ጊቭ አፕ ግን ተስፋ መቁረጥ ነው፤ የሚሰጥም የሚቀበልም የለም። ይህ ያስቸገረው እኔን ብቻ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ ለባዕድ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ዓይነቱ ጥምረት መሆኑን ጽፏል። ስያሜው የመጣው ግን በጣም ዘግይቶ ነው። ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ የተባለ ጸሐፊ ፍሬዛል ቨርብ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1925 በጽሑፍ አስተዋወቀው። ስሙን ያገኘውም የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከነበረው ከሄንሪ ብራድሌይ መሆኑን ተናግሯል።

እንግሊዝኛን ከማማታችን በፊት ግን የራሳችንን ጓዳ እንይ። «ዝም አለ» እንላለን። «አለ» ማለት ተናገረ ነው። ዝም ያለ ሰው ምን አለ? ምንም። «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ቀስ አለ» ሁሉም «አለ» ነው፤ አንዳቸውም ውስጥ ንግግር የለም። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ እዚህ ጋ ሲደርስ ፀጉሩን ይነጫል። እንግሊዝኛው ያበደ ሲመስለን ይሄንን ማስታወስ ደግ ነው።

ወደ ቃላችን። ፒክ ብቻውን መልቀም ነው። ቡና ለቀማን አስቡ። ወይም እናት ምስር ሰፌድ ላይ ዘርግታ ጠጠሩን ስትለቅም። ከብዙ ውስጥ አንዱን በጣት ነጥሎ ማውጣት ነው። ከዚህም መምረጥ ይመጣል። አፕ ሲጨመርበት መለየቱ ይቀርና ወደ ላይ መምጣቱ ይጎላል። መሬት ላይ የነበረ እስክሪብቶ እጅ ውስጥ ገባ። ዋናው ሥዕል ይህ ነው። አንድ ነገር የሆነ ቦታ ተቀምጦ ነበር፣ እኔ በዚያ በኩል መጣሁ፣ አሁን ከእኔ ጋር ነው።

ይህን ሥዕል ያዙልኝ፤ ብዙው ትርጉም ከእሱ ይወጣል።

መንገድ ዳር የቆመ ሰው እንደዚያ እስክሪብቶ ነው። ሾፌሩ ይመጣል፣ ሰውየው መኪናው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ልጆችን ከትምህርት ቤት፣ እንግዳን ከኤርፖርት ፒክ አፕ ማድረግ ይባላል። እዚህ ላይ አማርኛም አብሮ ነው፤ ታክሲ ተሳፋሪ ያነሳል። ግን ውጭ አገር ያለን ሰዎች አንድ የሚገርም ነገር አድርገናል። «ከሥራ ስወጣ ፒክ አድርገኝ» እንላለን። አፕን አራግፈን «አደረገ»ን ተካንባት። ለአማርኛችን ምንም አይደለም፤ እንዲያውም አማርኛ ባዕድ ግሥ የሚያላምደው እንዲህ ነው። ችግሩ ያው ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ አፕ እዚያው ወድቃ መቅረቷ ነው። «ፕሊዝ ፒክ ሚ ፍሮም ዚ ኤርፖርት» ይላል። ከንግግሩ ሁኔታ ይረዱታል። ቃል በቃል ግን ያለው «እባክህ ምረጠኝ» ነው። የዛሬ ወጣቶች ደግሞ «ፒክ ሚ» የሚለውን የወንድ ዓይን ለመሳብ ሌሎች ሴቶችን ዝቅ ለምታደርግ ልጅ መጠሪያ አድርገውታል። ሻንጣ ይዞ በር ላይ ለቆመ ሰው አይመከርም።

ሰውን ማንሳት ሌላም መዘዝ አለው። «ላስት ናይት አይ ፒክድ አፕ ኧ ውማን» ብሎ የተናገረ ሰው የታክሲ ሾፌር ካልሆነ፣ ሰሚው ወዲያው ሌላ ነገር ያስባል። ቡና ቤት ገባሁ፣ አንዲት የማላውቃትን ሴት አግባባሁ፣ አብረን ወጣን ማለት ነው። የአዲስ አበባ ልጅ «ጠበስኩ» የሚለው ነው። «ፒካፕ ላይን» የሚሉት ደግሞ የጠበሳ መክፈቻ ዓረፍተ ነገር ነው። ከለከፋ ግን ይለያል። ለከፋ መንገድ ላይ የሚወረወር ነው፤ ያኛው ቢያንስ ፊት ለፊት ቆሞ የሚነገር፣ ብዙ ጊዜ የሚያሳፍር ቀልድ ነው። ሾፌሮች ሆይ፣ የሥራ ቀናችሁን ስታወሩ ከየት እንዳነሳችሁና የት እንዳደረሳችሁ ጨምሩበት። ቦታ ሲጨመርበት ነገሩ ንጹሕ ይሆናል።

ፖሊስም ሰው ፒክ አፕ ያደርጋል። እዚህ ላይ መያዝ ነው፤ ግን ከ«አሰረ» ቀለል ይላል። ለጥያቄ ሊሆን ይችላል፣ ነገ ሊለቁት ይችላሉ። እኛ «ወሰዱት» ብለን ድምፃችንን ዝቅ የምናደርግበት ቦታ ላይ ይገባል። አፈሳ ለሚባለው የጅምላ መያዝ ግን ሌላ ቃል አላቸው።

ስልክ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ፍጹም ይገጥማሉ። ስልክ ይነሳል። ድሮ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ የነበረ ባለ እጀታ ዕቃ ነበርና ማንሳቱ የእውነት ማንሳት ነው። ዛሬ መስታወት ላይ ጣት ማንሸራተት ሆኗል። ቃሉ ግን አልተቀየረም። የሚለያዩት ሲጨርሱ ነው። እኛ ስልክ እንዘጋለን፤ እነሱ ይሰቅሉታል፣ ሃንግ አፕ ይላሉ። የጥንቱ ስልክ ጆሮ ላይ የሚደረገው ክፍሉ መንጠቆ ላይ ይሰቀል ስለነበር ነው።

አሁን ወደ ቤት ስትመለሱ የሚመጣውን መልእክት እንይ። «ፒክ አፕ ሰም ሚልክ»። ወተት አንሳ? ከየት? ገዝተህ ና ማለት ነው። አማርኛ እዚህ ላይ «አነሳ»ን ትቶ «ያዘ»ን ይጠራል። «ስትመጣ ወተት ይዘህ ና» እንላለን። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ቋንቋ ስለ ገንዘብ ትንፍሽ አላለም። መክፈል እንዳለብህ የታወቀ ነው። ሳይከፍሉ ማንሳት ሌላ ግሥ ነው። እንግሊዝኛ ሊፍት ይለዋል፤ ሱቅ ውስጥ የሚሰርቀውን ሾፕሊፍተር የሚሉትም ከዚያ ነው።

ምግብ ቤት ደግሞ የክፍያው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ወረቀቱን ያነሳው ሰው ከፋይ ነው። «አይል ፒክ አፕ ዘ ቼክ» ማለት «በሞቴ፣ ዛሬ በእኔ ነው» ማለት ነው። ከአበሻ ጋር የበላ ሰው ይህ ትርጉም እንዴት እንደተወለደ አይጠይቅም። ወረቀቷን ለመንጠቅ የሚደረገውን ትግል አይቷል። ግን ቃሉ ከምግብ ቤት ወጥቶ ርቆ ሄዷል። መንግሥት፣ ኢንሹራንስ ወይም አሠሪ ወጪን ፒክ አፕ አደረገ ሲባል ዕዳውን እሱ ይሸፍናል ማለት ነው። ሆስፒታል ውስጥ ይህን ብትሰሙ ደስ ይበላችሁ።

ከዕቃና ከሰው ወጥተን ወደማይዳሰሰው ስንገባ ነገሩ ይጣፍጣል። ቋንቋም መንገድ ላይ ተበትኖ የሚገኝ ነገር ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ ለሥራ የሄደች እህት ክፍል ገብታ አረብኛ አልተማረችም። ከማድ ቤት፣ ከሱቅ፣ ከሰው ቤት ልጆች አፍ እየለቀመች በሁለት ዓመት ታወራዋለች። «አይ ፒክድ አፕ አረቢክ» ማለት ይህ ነው። እዚህ «አነሳ» ብንል ማንም አይገባውም፤ «ለቀመ» ግን ቁልጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል። አያችሁ፣ ፒክ ወደ ጥንት ሥራው ተመለሰ። መምህር ፊት አራት ዓመት ተቀምጦ የተማሩትን ግን እንዲህ አይሉትም። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የገባ ሰው «አካውንቲንግ ፒክ አፕ አደረግኩ» ቢል፣ ዲግሪ ያለው ሳይሆን ከጓደኛው ትከሻ በላይ እያየ የቀሰመ ይመስላል።

አመልም እንደዚያው ነው። የአካባቢ አነጋገርም። በሽታም። እዚህ ላይ አንድ ደቂቃ ቆም እንበል። በአማርኛ ጉንፋን ይይዘናል። እኛ ቁጭ ብለናል፣ እሱ ነው መጥቶ የሚይዘን። «ጉንፋን ያዘኝ፣ ወባ ያዘኝ»። ራሳችንን ምንም እንዳላደረገ ሰው እናቀርባለን፤ በእውነትም አላደረግንም። እንግሊዝኛው ግን «አይ ፒክድ አፕ ኧ ኮልድ» ይላል። ሰውየው ነው ያነሳው። ሌላው የተለመደ አባባላቸውም እንዲሁ ነው፤ ካች ማለት መያዝ ነው፣ ያዢውም ሰውየው ነው። እነሱ በሽታውን ይይዙታል፣ እኛን በሽታው ይይዘናል። ሐኪም ዘንድ «ኧ ኮልድ ካት ሚ» ያለ አበሻ ካያችሁ ከየት እንዳመጣው ታውቃላችሁ።

ድምፅና ምልክትም ፒክ አፕ ይደረጋሉ። ሬዲዮ ጣቢያን፣ ስልክ ኔትወርክን፣ ማይክ የጎረቤት ጫጫታን። አማርኛው እዚህም ሌላ ግሥ አለው። «ይስባል» እንላለን። «ሳሎን ዋይፋይ አይስብም»። ተመሳሳይ ነገር ነው፤ እነሱ ከአየር ላይ ያነሱታል፣ እኛ እንስበዋለን። የኤሌክትሪክ ጊታር ሆድ ላይ ከክሮቹ ሥር ያለችው ዕቃም ስሟ ፒካፕ ነው። ማግኔት ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ እጅግ ብዙ ጊዜ ተጠቅልሏል። የብረት ክሩ ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን ኃይል ያውከዋል፣ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል። ጆርጅ ቦሻምፕ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1931 ይህን ይዞ መጥበሻ የመሰለ ጊታር ሠራ። ጊታሩም እስከ ዛሬ መጥበሻው ይባላል። የእኛ ሙዚቀኞች ክራር ላይ ፒካፕ ሲገጥሙ ስሙን እንዳለ ወስደውታል፤ ጥሩ አድርገዋል፣ የሚተካው ቃል ቢፈለግ ምን ሊባል ነው?

ከድምፅ ቀጥሎ የሚመጣው ያልተነገረ ነገር ነው። ፒክ አፕ ኦን ይላሉ፤ ሦስት ቃል ሆነ። ሰውየው በግልጽ ሳይናገር በድምፁ፣ በፊቱ፣ በዝምታው የገለጸውን መረዳት ነው። «ነቃሁበት» የምንለው በጣም ይቀርበዋል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ይህ አዲስ ችሎታ አይደለም። ወርቁ ያመለጠው ሰው ሂንቱን ፒክ አፕ ኦን አላደረገም። ሰሙን ይዞ እየሳቀ ወደ ቤቱ ሄደ።

እስካሁን ያየነው ሁሉ አንሺና ተነሺ አለው። አሁን ደግሞ ማንም ሳያነሳው በራሱ የሚነሳ ይመጣል። «ቢዝነስ ኢዝ ፒኪንግ አፕ» ሲሉ ገበያው ተነቃቃ፣ ሞቅ ሞቅ አለ ማለት ነው። ነፋሱም፣ ዝናቡም፣ የመኪናው ፍጥነትም እንዲሁ ይጨምራሉ። እዚህ ላይ ከእጅ ሥዕል ይልቅ አፕ ብቻዋን ነው የምትሠራው፤ ወደ ላይ መውጣት። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነፋስ ላይ ነው። እኛ «ነፋስ ተነሳ» ስንል ፀጥ ያለው ቀን ድንገት ነፈሰበት ማለታችን ነው። እነሱ ግን ቀድሞ እየነፈሰ የነበረው በረታ ማለታቸው ነው። ፒክ አፕ ለማለት ቀድሞ የሆነ ነገር መኖር አለበት። ቆሞ የነበረ ጨዋታ ሲቀጥልም ይሠራል፤ ባለፈው ካቆምንበት እንቀጥል የሚለውን በዚችው ቃል ይሉታል።

ቤት ማጽዳትም አለ። አሜሪካዊት እናት ልጇን ክፍልህን ፒክ አፕ አድርግ ትለዋለች። ክፍሉን ተሸክሞ እንዲወጣ አይደለም፤ የተዝረከረከውን ሰብስብ ነው። መናፈሻ ውስጥ ደግሞ «ፒክ አፕ አፍተር ዩር ዶግ» የሚል ምልክት ተተክሏል። ቃል በቃል ብንወስደው ከውሻህ በኋላ አንሳ ነው። ከውሻዬ በኋላ ምኑን? ውሻው የተወውን። መጀመሪያ ሳየው እንዴት ያለ ትሕትና ነው ብዬ ነበር፣ ውሻን የሚያስቀድም አገር።

ግሡ ወደ ስም ሲለወጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እኛ አገር ፒካፕ ሲባል መኪናው ነው የሚታየን። ከኋላው ክፍት፣ ጋቢናው ነጠላ ወይም ደብል፣ ገጠር ሥራ ላይ የማይቀር። ፎርድ ፋብሪካው ውስጥ ሙሉ ለሙሉ የተገጣጠመ የሞዴል ቲ ፒካፕ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1925 ሲሆን ዋጋው 281 ዶላር ነበር። ከዚያ በፊት ሰው መኪና ይገዛና የኋላውን ጭነት ማስቀመጫ ለብቻው ያስገጥም ነበር። ልብ ካላችሁ ይህ ዓመት ስሚዝ ፍሬዛል ቨርብ የሚለውን ስም ያስተዋወቀበት ነው። አንዱ ለቃሉ ስም ሲያወጣ ሌላው ለቃሉ ጎማ ገጠመለት።

አክስቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ሳለ ከፋርማሲ ስልክ ተደወለ። የደም ግፊት መድኃኒቷ «ሬዲ ፎር ፒካፕ» ነው አሏት። እንግሊዝኛዋ ትንሽ ነው፤ ሬዲን ታውቃለች፣ ፒካፕን ደግሞ በደንብ ታውቃለች። ወንድሟ ፒካፕ ነበረችው። እኔ ከሥራ ስመለስ ነጠላዋን ለብሳ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። «መኪናው ቆየ» አለችኝ። «የምን መኪና?» አልኳት። «መድኃኒቱን ጭኖ የሚመጣው ፒካፕ ነዋ። ለሁለት ብልቃጥ ምን ፒካፕ ያስልካቸዋል ብዬም ገርሞኛል።»

ፒካፕ እንደ ስም ሲሆን ራሳችሁ መጥታችሁ ውሰዱ ማለት ነው። እናመጣላችኋለን የሚለው ዴሊቨሪ ነው። በኮቪድ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ የአሜሪካ ሱቆች በር ላይ ይህ ቃል በብዛት ተለጠፈ። ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል፣ ሠራተኛው ዕቃውን አውጥቶ ይሰጠዋል። የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ የተገኘው ሰው ሁሉ ለሁለት ተከፍሎ የሚጫወተው የሰፈር ግጥሚያም ፒካፕ ይባላል። ድካም ሲጫጫን የሚጠጣ ቡና ደግሞ ፒክ ሚ አፕ ነው። ጣልያኖች ቲራሚሱ ያሉት ኬክ ስሙ ቃል በቃል ሲፈታ ይህንኑ ነው የሚለው፤ ወደ ላይ ሳበኝ። ቡና አለበትና ያነቃቃል።

ስሙንና ግሡን በጆሮ መለየት ይቻላል። ስም ሲሆን ድምፁ የሚበረታው ፒክ ላይ ነው። ግሥ ሲሆን አፕ ላይ ይወድቃል። አጻጻፉም ይለያል፤ ስሙ አንድ ሆኖ ተያይዞ ይጻፋል፣ ግሡ ግን ለሁለት ይከፈላል። እኛ «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚለው ፊደሉ አይነግረንም፤ ማጥበቅና ማላላቱ ነው የሚለየው። እነሱ ቢያንስ ክፍተቷን ይጽፏታል።

የሰዋስው ነገር አልወድም፤ አንዲቷን ሕግ ግን መዝለል አይቻልም። የሚነሳው ነገር በስሙ ከተጠራ ከአፕ በፊትም በኋላም ይቀመጣል። ፒክ አፕ ዘ ኪድስ ማለትም ፒክ ዘ ኪድስ አፕ ማለትም ልክ ነው። ተውላጠ ስም ከሆነ ግን የግድ መሀል ይገባል። ፒክ ዜም አፕ ይባላል። ፒክ አፕ ዜም ያለ ሰው ወዲያው ባዕድነቱ ይታወቅበታል። ተውላጠ ስም መሀል ቤት ይገባል ብላችሁ ያዙት። ፒክ አፕ ኦን ላይ ግን ይህ ሕግ አይሠራም፤ ሦስቱም ተያይዘው ይሄዳሉ፣ የተረዳነው ነገር ከኋላቸው ይከተላል።

ሌላው የሚያሳስተው ደግሞ መቼ አለመጠቀም ነው። ከእያንዳንዱ ፒክ አፕ ጀርባ አንድ ኮቱን የለበሰ ቃል ቆሟል። ዕቃ ሲሆን ኮሌክት፣ ዕውቀት ሲሆን አኳየር፣ ምልክት ሲሆን ዲቴክት፣ የቆመ ነገር ሲቀጥል ሪዚዩም። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፍርድ ቤቱና ቤተ መንግሥቱ ለብዙ ዘመን በፈረንሳይኛና በላቲን ይሠራ ነበር። ስለዚህ የባዕዱ ቃል ለደብዳቤ፣ የአገሬው ቃል ለጓዳ ሆነው ቀሩ። እኛም ደብዳቤ ስንጽፍ ወደ ግእዙ ጠጋ እንላለን። ማመልከቻ ላይ ኮት የለበሰውን፣ ከባልደረባ ጋር ስታወሩ ፒክ አፕን ተጠቀሙ።

አሁን ደግሞ ተገላቢጦሹን። አማርኛው «አነሳ» ፒክ አፕ የማይደርስበት ብዙ ቦታ ይገባል። ፎቶ እናነሳለን፤ እነሱ ይወስዳሉ። ሱቅ ሄዳችሁ ፎቶ ፒክ አፕ ላደርግ መጣሁ ብትሉ ያለቀለት ፎቶ ልትወስዱ የመጣችሁ ይመስላቸዋል፣ ስማችሁን ይጠይቃሉ። ጥያቄ ለማንሳት ሬይዝ አላቸው። እገዳ ለማንሳት ሊፍት። ከሥልጣን ለማንሳት ሪሙቭ። የፓርኪንጉ አለቃዬ ቅዳሜን ያነሳልኝ የመሰለኝ በዚህኛው ነበር። ክርስትና ማንሳትንማ በአንድ ግሥ አይሉትም፤ የክርስትና አባት ሆንኩ ብለው ይተርኩታል። ሕፃኑን ከውኃው ተቀብሎ ማቀፉ ቃሉ ውስጥ የለም። ይሄኛው ላይ አማርኛዬን አልለውጥም።

ከፒክ ጋር ሌሎችም ትንንሽ ቃላት ይኖራሉ። ፒክ ኦን ጥምድ አድርጎ መያዝ ነው፤ ትምህርት ቤት ልጃችሁ ይህን ቃል ይዞ ከመጣ ዝም አትበሉ። ፒክ አውት ከብዙ መካከል መምረጥ ነው። እነዚህ ብዙ አያስቸግሩም።

እኔ አሁን ፒክ አፕን ስሰማ ግሡን ትቼ ከኋላው የሚመጣውን ነው የማየው። ሰውና ቦታ ካለ ማድረስ አለ። ሰውና ሌሊት ካለ ጠበሳ አለ። ወተት ካለ ገንዘብ ልያዝ። የሳምንቱ ቀን ካለ ሥራ አለ፣ ሰዓት ልሙላ። ይህ ለእኔ ከመዝገበ ቃላት ዝርዝር በላይ ጠቅሞኛል። አለቃዬም ከዚያ በኋላ ቅዳሜን ብዙ ጊዜ አስነስቶኛል።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ነው የተወለደችው። ሰባት ዓመቷ ነው። አማርኛዋን ከእናቴ እየለቀመች አሳምራዋለች። የሚገርመኝ ስህተቷ ነው፤ የእኔው ስህተት ነው፣ ግን ከዚያኛው በር ገብቶ። ባለፈው ክረምት እየሳለች ከትምህርት ቤት መጣችና እናቴ ጭን ላይ ወጣች።

«አያቴ፣ ጉንፋን አነሳሁ» አለቻት።

እናቴ ግንባሯን ዳሰሰቻት። «ውይ የኔ ልጅ፣ የት ወድቆ አገኘሽው?»